የተመዘገበ ብልሽት

አራቱ ሠልጣኝ ሸካሚዎች የሶልያናን ባል ቃሬዛ ላይ አስተኝተው፣ በሁለት ቀበቶ አስረው፣ ከአሥራ አንደኛው ፎቅ ደረጃ አፋፍ ላይ ቆሙ። ከመውረዳቸው በፊት አስተባባሪያቸው ታብሌቱን ከፍቶ የመጀመሪያውን ጥያቄ እስኪጠይቃቸው መጠበቅ አለባቸው።

«ደረጃ ሲወረድ የሚቀድመው የሕመምተኛው እግር ነው ወይስ ጭንቅላቱ?»

«እግሩ!» አሉ አራቱም በአንድ ድምፅ።

«ባለፈው ሳምንት ጭንቅላቴ ነበር የቀደመው» አለ ኢዮስያስ ከቃሬዛው ላይ። «ደግነቱ ባዶ ስለሆነ አልከበዳችሁም።»

ሸካሚዎቹ ሳቁ። አስተባባሪው አልሳቀም። ሕመምተኛው በምዘና ሰዓት መናገሩን መዘገበ።

ዘመኑ 2068 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ደብረ ብርሃን፣ ምሥራቅ ሳይት፣ ብሎክ 14። የኢዮስያስ ኩላሊት ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ሆስፒታል ይሄዳል። ሕንፃው አሳንሰር አለው። አሳንሰሩ ከተበላሸ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ምን እንደሆነ ከሕንፃው ነዋሪ የማያውቅ የለም፦ አሥራ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ባለው የሞተር ክፍል፣ በመቆጣጠሪያው ሳጥን ውስጥ፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ ኃይሉን የምታገናኝና የምታቋርጥ አንዲት ሪሌ ተቃጥላለች። እሷን መቀየር ሻይ እስኪፈላ ድረስ የሚያልቅ ሥራ ነው። በነዚህ አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ውስጥም በየሳምንቱ ተቀይራለች።

ተቀይራለች፣ በዚያው ቀን ደግሞ የተቃጠለችው ተመልሳ ገብታለች።

ብልሽት የሥልጠና ሀብት ነው። የዘላቂ ክህሎት ማዕከል በከተማዋ ያለውን ብልሽት አንድ ሳያስቀር ቁጥር ሰጥቶ በስሙ አስመዝግቧል። ከገበያው ማዶ ያለው ድልድይ ስንጥቅ የግንበኞች ነው። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የቆመው አምቡላንስ የመኪና ጥገና ሠልጣኞች ነው፤ ጠዋት ሞተሩን ገጥመው ያስነሡታል፣ ከሰዓት በኋላ ፈተው መሬት ላይ ይዘረግፉታል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ለሰባት ዓመት ወደ ቦይ ሲፈስ የኖረው ውሃ የቧንቧ ሠልጣኞች ነው። ይደፍኑታል፣ አሠልጣኙ መድፈናቸውን አይቶ ያስፈታቸዋል፣ የሠፈሩ ሰውም ጄሪካኑን ይዞ ከቦዩ ይቀዳል። ብልሽት ጠግኖ ዝም ብሎ የሄደ ሰው፣ የሚቀጥለውን ሠልጣኝ ዕድል ሰርቋል።

አገሪቱ ውስጥም ሥራ አጥ የለም። ቁጥሩ በየሩብ ዓመቱ በቴሌቪዥን ይነገራል፦ ዜሮ። ሥራ ያለው ሠራተኛ ነው። ሥራ የሌለው ሠልጣኝ ነው፤ ሠልጣኝ ደግሞ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ይቆጠራል። ሶልያና ሃምሳ ዓመቷ ነው፤ ሥልጠና የጀመረችው በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የዶሮ እርባታ ሠልጥናለች፤ ዶሮዎቹ ፕላስቲክ ነበሩ። የሆቴል መስተንግዶ ሠልጥና ማንም የማይተኛበትን አልጋ ስታነጥፍና ስታነሣ ሁለት ዓመት አሳልፋለች። የፀጉር ሥራ፣ የንብ ማነብ፣ የደንበኛ አያያዝ ሠልጥናለች፤ በደንበኛ አያያዙ ጊዜ ከሠልጣኞቹ ግማሹ ደንበኛ ሆነው ይቆጣሉ፣ ግማሹ ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ከምሳ በኋላ ይቀያየራሉ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን ከቤት አልዋለችም። አንድ ቀንም ለሰው የሚጠቅም ነገር ሠርታ አታውቅም።

ዛሬ የአሳንሰር ጥገና የብቃት ምዘናዋ ነው። ቀጠሮዋ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ነው።

«ሶሊ» አለ ኢዮስያስ፣ ቃሬዛው የመጀመሪያውን ደረጃ ሲወርድ አንገቱን እንደ ምንም አዙሮ። «መመለሱን እንዳትረሺ። ባለፈው ጊዜ የወደቅሽው እሱ ላይ ነው።»

«አልረሳም።»

«እጅሽ ይንቀጠቀጥብሻል።»

«ዛሬ አይንቀጠቀጥም አልኩህ። ሂድ በቃ፣ ሰዎቹን አታድክማቸው።»

እየራቁ ሲሄዱ ድምፃቸውን ሰማች። በየፎቁ መታጠፊያ ይቆማሉ፤ አስተባባሪው ይጠይቃል፤ ይመልሳሉ። ሰባተኛው ፎቅ ላይ ያለው ጥያቄ «ሕመምተኛው መተንፈስ ቢያቅተው የመጀመሪያው እርምጃ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ባለፈው ጥቅምት ከስምንተኛ ፎቅ ይወርዱ የነበሩት አቶ ፊልሞን በዚሁ ጥያቄ ላይ ሞተዋል። ሸካሚዎቹ መልሱን አንድ ቃል ሳይስቱ ስለመለሱ አራቱም «ብቁ» ተባሉ።

ሶልያና ያንን ቀን አልረሳችውም። የለቅሶው ድንኳን ከሕንፃው ሥር ተተክሎ፣ አራቱ አዲስ ብቁዎች መጥተው እጅ ነሥተው ተቀመጡ። ከመሃላቸው አንዱ አብዝቶ አለቀሰ። እሷ ግን ዕንባ አልመጣላትም። ጥርሷን ነክሳ አሳንሰሩን ስታይ ዋለች፤ በሩ ላይ «የሥልጠና ሀብት፤ መንካት ያስቀጣል» የሚል ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል።

ዛሬ ካለፈች አሠልጣኝ ትሆናለች። ከማዕከሉ ለሚወጣ ሰው የተረፈ ሥራ ያ ብቻ ነው፤ የሠለጠነ ሰው የሚሠራው ሌላውን ማሠልጠን ነው። ለአሠልጣኝ ደግሞ በዚሁ ሕንፃ ምድር ቤት ይሰጠዋል። ሁለት ክፍል፣ በር ወጥተህ መሬት የምትረግጥበት፣ ታክሲ ደጃፍህ የሚቆምበት። ኢዮስያስን ማንም ሳይሸከመው፣ ማንም ምንም ሳይጠይቀው፣ በእግሩ ሦስት እርምጃ ሄዶ መኪና ውስጥ ይገባል። ሶልያና ሌላ ነገር አላማራትም።

*

አሠልጣኙ ያፌት የሞተር ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ንብ ማነብ አብረው ሠልጥነዋል፤ እሱ ከስድስት ዓመት በፊት አልፎ ምድር ቤት ገብቷል፣ እሷ ቀርታለች።

«በልተሽ ነው የመጣሽው?»

«ምን አገባህ?»

«ባለፈው ባዶ ሆድሽን መጥተሽ ነው የተንቀጠቀጥሽው ብዬ ነዋ! ኧረ እንዲህ አትቆጪ፣ ለአንቺው ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ፣ እኔ ወደ ዋናው ማዕከል ተዛውሬያለሁ። የምተካው በአንቺ ነው። የቤቱን ቁልፍ ራሴ ነኝ የማስረክብሽ። ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው፣ የደጁ ጽድ ያደገው።»

መዛኟ ወይዘሮ አሜን ከዋናው ማዕከል የመጣች፣ ከሶልያና በአሥር ዓመት የምታንስ፣ ሁሉንም ሰው «እርስዎ» የምትል ሴት ናት። ጠረጴዛ ላይ ዕቃዎቹን ደርድራለች፦ የተለያዩ መፍቻዎች፣ የኤሌክትሪክ መሞከሪያ፣ ጓንት፣ አዲሷ ሪሌ፣ አንድ መዶሻ። ለዚህ ሥራ መዶሻ ምን እንደሚያደርግ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የጠየቀ የለም፤ ከዕቃዎቹ ጋር ይመጣል፣ ከዕቃዎቹ ጋር ይመለሳል።

«ሠልጣኝ ሶልያና፣ ይጀምሩ። ብልሽቱን ይለዩ።»

ሶልያና ሳጥኑን ከፈተች። የምታውቀውን እንደማታውቅ ሆና መሞከሪያውን ከላይ እስከ ታች አስነካካች፤ ደንቡ እንደዚያ ነው፤ በቀጥታ ወደ ብልሽቱ የሄደ ሰው ነጥብ ይቀነስበታል። በመጨረሻ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ደርሳ «ይህች ናት» አለች።

«ያውጡ።»

የተቃጠለችውን ሪሌ ነቀለች። አንድ ጎኗ ጠቁሮ ቀልጧል፤ በሌላው ጎኗ ላይ የንብረት ቁጥር ያለበት ትንሽ የብረት ምልክት ተጣብቋል። ያፌት ጥጥ የተነጠፈበት ቆርቆሮ ሳጥን አቀረበላት፤ በሁለት እጇ አስቀመጠች። የመያዣው ደንብ ነው። ብልሽት በአንድ እጅ አይያዝም፣ ከጠፋ ምትክ የለውም።

አዲሷን ሪሌ ሰካች። ሳጥኑን ዘጋች። ከጎኗ ሞተሩ አጉረመረመ። በሕንፃው ውስጥ ከላይ እስከ ታች በሮች ሲከፈቱ ተሰማት፤ ሰው የአሳንሰሩን ድምፅ ሲሰማ ሁልጊዜ ይወጣል። አይፈቀድለትም፣ ግን ይወጣል።

«የሙከራ ጉዞ» አለች አሜን። «በየፎቁ ቆመን በሩ መከፈቱን እናያለን።»

ሦስቱም ገቡ። አሥራ አንድ ላይ ተከፈተ፤ ተዘጋ። አሥር ላይ ተከፈተ፤ ተዘጋ። ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ሲከፈት እማማ ሜሮን በሩ ፊት ቆመው ነበር። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጉልበታቸው ደረጃ እምቢ ካለ አራት ዓመቱ ነው። አዲስ ነጠላ ለብሰው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ ቦርሳቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለዋል። ምዘና ባለ ቁጥር እንዲህ ለብሰው እንደሚቆሙ ያፌት ያውቅ ነበር። ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ።

«አንቺ ነሽ እንዴ ሶልዬ?» አሉ። «እሰይ! ጎበዝ፣ ሠራሽው አይደል?»

«ሠራሁት እማማ።»

«እንግዲያው ልግባና ታች ድረስ ልሂድ። ወዲያው ነው የምመለሰው። መሬት ረግጬ ብቻ።»

«በምዘና ላይ ተሳፋሪ አይፈቀድም እናቴ» አለች አሜን በትሕትና።

«አልሳፈርም፤ ጥግ ይዤ ነው የምቆመው። እዪ፣ ቀጭን ነኝ፣ ቦታ አልይዝም።»

«ደንብ ነው።»

«የማንን ደንብ ነው የምትነግሪኝ? ይህ ቤት ሲሠራ ዕጣ ደርሶኝ ገንዘብ የከፈልኩ እኔ! አሳንሰር አለው ብላችሁ አይደል ዘጠነኛ ላይ የሰቀላችሁኝ? አራት ዓመት ሙሉ ደመና እያየሁ የምኖር ወፍ ነኝ እኔ?»

በሩ መዘጋት ጀመረ። እማማ ሜሮን ቦርሳቸውን በመሃል ሊያገቡ ሞከሩ፤ ያፌት በዝግታ ወደ ውጭ ገፋላቸው። በሩ ተዘጋ። አሳንሰሩ ሲወርድ ከላይ በመዳፍ የሚመታ ብረት ተሰማ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ቀረ።

አሜን ታብሌቷ ላይ «በር፦ ይሠራል» ብላ ጻፈች።

ምድር ላይ ሲከፈት ኢዮስያስ ፊት ለፊት ነበር። ከእጥበት ተመልሷል፤ ቃሬዛው መሬት ላይ ነው፤ ሸካሚዎቹ ወደ ላይ ከመውጣታቸው በፊት የግማሽ ቀን ግምገማ ስላለባቸው ትተውት ሄደዋል። ፊቱ አመድ መስሏል። ከእጥበት በኋላ ሁልጊዜ ይበርደዋል፤ የደብረ ብርሃን ነፋስ ደግሞ በዋናው በር ሰተት ብሎ ይገባል። ጋቢው ከአንድ ትከሻው ላይ ተንሸራቷል፤ በቀበቶ ስለታሰረ ሊስበው አልቻለም።

አሳንሰሩን አየ። ውስጡ መብራት በርቷል፤ ባዶ ቦታ አለው፤ የእሱን ቃሬዛ ያህል ቦታ። ሚስቱን አየ። አፉን ከፈተ፤ ሶልያና «ልግባ» ሊል ነው ብላ ጠበቀች። ቢል ኖሮ ምን ታደርግ እንደነበር አታውቅም።

«ሂጂ ሶሊ» አለ። «ሰዓትሽ እየሄደ ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ ሂጂ።»

ወጥታ ጋቢውን ሳበችለት። ለዚያም አሜን ነጥብ ቀነሰች።

*

ወደ ሞተር ክፍሉ ተመለሱ።

«የመጨረሻው ክፍል» አለች አሜን። «ብልሽቱን ወደ ቦታው ይመልሱ። ከዚያ አሳንሰሩ አለመሥራቱን ያረጋግጡ።»

ያፌት ቆርቆሮውን ከፍቶ አቀረበላት። «በርቺ፣ አለቀልሽ እኮ» አለ በሹክሹክታ።

ሶልያና የተቃጠለችውን ሪሌ በሁለት እጇ አነሣች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። ጽዱ ያደገበትን ደጅ አሰበች፤ ከልቧ ፈለገችው። ምድር ቤት ገብተው ኢዮስያስ ከበሩ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ታያት። ከበላዩ፣ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ፣ ለብሰው የቆሙት ሴትዮ ታዩዋት። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ፣ ለአዲስ ሠልጣኝ፣ ይህችን ሳጥን ከፍታ «በርቺ፣ አለቀልሽ እኮ» የምትለው ሴት ታየቻት፤ ያቺ ሴት ራሷ ነበረች።

ሪሌዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። መዶሻውን አነሣች።

«ሶሊ፣ ምን...» አለ ያፌት።

አንዴ መታቻት፤ ፕላስቲኩ ተሰነጠቀ። ደገመች። ሦስተኛውን ስትመታ የንብረት ቁጥሩ ያለበት ብረት ተፈናጥሮ ከሳጥኑ ሥር ገባ። ከዚያ ወዲያ መምታቱን ማቆም ነበረባት፤ አላቆመችም። የፕላስቲክ ዶሮዎቹን መታች፤ የማይተኛባቸውን አልጋዎች መታች፤ ሰባተኛው ፎቅ ላይ የሚጠየቀውን ጥያቄ መታች። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ዱቄትና ጥቂት የመዳብ ክር ብቻ ሲቀር መዶሻውን በቦታው፣ ከመፍቻዎቹ ጎን፣ አስተካክላ አስቀመጠች።

«ጨርሻለሁ» አለች።

ሞተሩ እንደገና ተነሣ። ታች ሰው አሳንሰር ጠርቶ ነበር።

«አብደሻል!» አለ ያፌት። «ኧረ የሰው ያለህ! በፊርማዬ ነው እኮ ያለችው! በፊርማዬ!» ወደ መቆጣጠሪያው ሳጥን ተንደረደረ። «ቆይ፣ አንዱን ሽቦ ልንቀለው፣ እናቆመው...»

«አይንኩ!» አለች አሜን። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ከፍ አለ። «የሚሠራ የመንግሥት ንብረት ማበላሸት ወንጀል ነው።»

«ታዲያ ምን እናድርግ? ይሥራ?»

አሜን ዱቄቱን አየች፣ ታብሌቷን አየች። ለዚህ የተዘጋጀ ምልክት ማድረጊያ አልነበረም። በመጨረሻ ከሶልያና ስም አጠገብ «ገና ብቁ አይደለችም» ብላ ሞላች።

*

በዚያ ከሰዓት በኋላ ብሎክ 14 በአሳንሰር ሲወጣና ሲወርድ ዋለ። ሰዎች ጉዳይ ሳይኖራቸው ወረዱ፤ የረሱትን ለማምጣት እንደገና ወጡ፤ አንዱ ፍራሽ፣ አንዱ ሙሉ በርሜል ውሃ አወጣ። እማማ ሜሮን ወርደው ደጅ ላይ ቆሙ። ጫማቸውን አውልቀው መሬቱን በባዶ እግራቸው ረገጡ፤ «ይበርዳል» አሉ፤ እዚያው ቆዩ።

ኢዮስያስ ሲገባ ሶልያና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቀበቶውን ጎረቤቶች ፈተውለት፣ ግድግዳ እየተደገፈ፣ በራሱ እግር ነው የገባው።

«አሳንሰሩ እየሠራ ነው» አለ።

«አዎ።»

«ወደቅሽ ማለት ነው።»

«ወደቅሁ።»

ጋቢውን ጠቅልሎ ወንበር ላይ ወረወረው። «ቤቱስ? ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ቤት እያሰብኩ አይደል ደረጃ ለደረጃ እንደ እንጨት የተንጠለጠልኩት? አንድ ነገር ነው መመለስ የነበረብሽ! አንድ ነገር!»

«መልሼው ቢሆን አንተ ትወርዳለህ። ሌላው ይቀራል።»

«ይቅራ! እኔ ነኝ ባልሽ፣ ሕንፃው ነው?»

ጋቢውን ከወንበሩ አንሥታ አጠፈችው። እራትም አብረው አልበሉም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሸካሚዎቹ ቃሬዛቸውን ይዘው መጡ። አስተባባሪው ታብሌቱን ከፈተ። «የሚቀድመው እግር ነው ወይስ ጭንቅላት?»

ኢዮስያስ ከበሩ ወጥቶ፣ በሸካሚዎቹ መሃል አልፎ፣ የአሳንሰሩን ቁልፍ ተጫነ።

«ጋሼ፣ በደረጃ ነው የሚወረደው» አለ አስተባባሪው። «በእኛ ሥርዓት ላይ ይህ ሕንፃ አሳንሰር የለውም።»

«የለውም?» አለ ኢዮስያስ። በሩ ተከፈተ። «እንኳን ነገርከኝ፤ ልገባ ነበር።»

ገባ። ሸካሚዎቹ ተያዩ። አንደኛው ቃሬዛውን አቁሞ ገባ፤ ሦስቱም ተከተሉት። አስተባባሪው ብቻውን ቀረ። በየፎቁ መልስ መሞላት ስላለበት በደረጃው ወረደ፤ በየመታጠፊያው እየቆመ ጥያቄውን ለራሱ አነበበ፣ መልሱንም ሞላ።

*

ሶልያና በዲሲፕሊን ጉባኤ ፊት የቀረበችው በመጋቢት ነው። አሜን ክሱን አነበበች፦ የመንግሥት ንብረት የሆነ ብልሽት ማጥፋት።

«ብልሽት ማጥፋት ወንጀል ከሆነ ለምን አስተማራችሁኝ?» አለች ሶልያና።

«ያስተማርንዎ ጥገና ነው። ጥገና የሚመለስ ነገር ነው።»

«ደረጃ ላይ የሞቱት ሰውዬስ ይመለሳሉ?»

አሜን ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈች። ከጉባኤው አባላት አንዱ፣ ጠና ያለ ሰው፣ «ምን ያከራክራል? ትባረር» አለ።

«ከተባረሩ ምን ይባላሉ?» አለች አሜን።

«ሥራ አጥ» የሚለውን ቃል ማንም ሊጠራው አልፈለገም። ዜሮው አንድ ይሆናል። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ቴሌቪዥኑ ፊት ቀርቦ «አንድ» የሚል ሰው መፈለግ ሊኖርባቸው ነው፤ ከዚያ «ማን ናት?» ይባላል፤ ከዚያ «ምን አድርጋ?» ይባላል። ሶልያና ፊታቸውን እያየች ይህን ሁሉ ተረዳች። ሃያ ስምንት ዓመት የተንከራተተችው ለእሷ ሲባል አልነበረም፤ ያንን ክብ ቁጥር ጠብቃ እንድትቆም ነበር። ንዴቷ ሲበርድ ተሰማት። ስለበረደም ጠነከረ።

ማዕከሉ አንዲት የተቃጠለች ሪሌ ለመግዛት ጨረታ አወጣ። ማስታወቂያው አሳንሰሩ ውስጥ ተለጠፈ፤ ሰዎች ሲወጡና ሲወርዱ እያነበቡ ሳቁበት። ነጋዴዎች ሪሌ እያቃጠሉ አቀረቡ፤ ያቃጠሉት ሰዎች ብቃት ስላልተረጋገጠ ሁሉም ውድቅ ሆነ። ስለዚህ ብልሽቱን የሚያዘጋጅ ብቁ ባለሙያ ማፍራት ግድ ሆነ፤ አዲስ ሥልጠና ተከፈተ፦ ብልሽት ዝግጅት፣ ደረጃ አንድ። አንድ ሠልጣኝ ነበረው። ያቺን ሪሌ ከእሷ በላይ የሚያውቃት የለም ተባለ።

አሠልጣኙ ያፌት ሆነ። የሚተካው ሰው ስላልተገኘ ዝውውሩ ቀርቷል።

ክፍሉ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ምድጃ አለው። ጠረጴዛው ላይ አዲስ ሪሌ ተቀምጣለች። በመስኮቱ በኩል ብሎክ 14 ይታያል፤ እማማ ሜሮን ከደጁ ላይ ወንበር አስወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ኢዮስያስ አጠገባቸው ተቀምጦ ይጨቃጨቃሉ፤ ነፋሱ ድምፃቸውን አያመጣውም፣ ግን የእጃቸው አወራወር ይታያል። ከሶልያና ጋር እስካሁን በወጉ አልታረቀም። ዛሬ ጠዋት ግን «ቁርስሽን ሳትበዪ እንዳትሄጂ» ብሏታል።

«ሶሊ» አለ ያፌት። ዓይኑ ደም ለብሷል። «አንዴ አቃጥያትና ሁላችንም እንገላገል። ቤቱ አሁንም ባዶ ነው፤ ጠይቄልሻለሁ። ላሳልፍሽ እችላለሁ። ማቃጠሉ ግን ባንቺ እጅ ነው፤ እኔ ልነካት አልችልም።»

«አውቃለሁ» አለች። አሠልጣኝ በሠልጣኝ ሥራ ላይ እጁን አያስገባም። ሠልጣኙ ካልገባው ደግሞ እስኪገባው ያስረዳዋል፤ ገደብ የለውም። ደንቡን ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ሲከቱባት የኖሩት እነሱ ናቸው።

«እሺ። ይህን ሽቦ እዚህ ታገናኛለሽ። ከሚገባው በላይ ኃይል ትለቂበታለሽ። ሲጨስ ታጠፊዋለሽ። ሦስት ነገር ነው።»

ሶልያና እጆቿን አጣጥፋ ሪሌዋን ትኩር ብላ አየቻት። ከመስኮቱ ማዶ፣ በብሎኩ ክፍት ዋና በር በኩል፣ የአሳንሰሩ በር ሲከፈት አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ሁለት ፌስታል ይዛ ገባች።

«አልገባኝም» አለች። «ከመጀመሪያው ጀምርልኝ።»

ያፌት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ ሽቦውን አነሣና ከመጀመሪያው ጀመረላት።